ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ እንቆቅልሽ

በምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጦ እንቆቅልሽ የተጫወተ ልጅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። እንቆቅልሹ ሲቀርብ ቃላቱ በሙሉ የታወቁ ናቸው፤ የተሰወረው በቃላቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። መላሹ ያስባል፤ ይገምታል፤ ይሳሳታል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ አገር ሊሰጥ ይቃረባል። በዚህ ጊዜ መልሱ ድንገት ብልጭ ይልለታል። መልሱን ካገኘ በኋላም ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር እንዴት ቀደም ብሎ እንዳልታየው ራሱ ይገረማል። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ድንገተኛ የአእምሮ ብርሃን ማስተዋል ብለው ይጠሩታል። ከማስተዋል ጋር አብሮ የሚነሣው ሌላው የአእምሮ ሥራ ደግሞ ማቀድ ነው። ማቀድ ማለት ወደሚፈለገው ግብ የሚያደርሱትን እርምጃዎች አስቀድሞ በሐሳብ መደርደር ነው።

የሰው ልጅ የሚገጥመው እንቆቅልሽ ሁሉ ግን የጨዋታ አይደለም። አንዳንዱ እንቆቅልሽ ሳይፈታ በቆየ ቁጥር የብዙ ሰዎች ጤናና ሕይወት ይጠፋል። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ከእንደነዚህ ያሉት እንቆቅልሾች አንዱ ነበር። የዚህን እንቆቅልሽ አንድ ክፍል በማስተዋል አይተው በዕቅድ ለመፍታት ዕድሜያቸውን የሰጡት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1935 መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በኢትዮጵያ ድንበር ላይ የተሰለፈበት ነበርና፣ ከተወለዱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወረራው ተጀመረ። የዚያ ዘመን ልጆች ፊደል ለመቁጠር የደረሱት አገሪቱ ነፃነቷን መልሳ፣ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱበት ወቅት ነው። አክሊሉም በአገራቸው የሚሰጠውን ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። የትምህርታቸው አቅጣጫ በጥገኛ ተውሳኮች ምክንያት የሚመጡ የሞቃት አገር በሽታዎች ነበር። ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም ሥራ ጀመሩ።

ወጣቱ ሳይንቲስት የጠበቃቸው ችግር ምን ያህል የተወሳሰበ እንደ ነበረ ለመረዳት የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የቢልሃርዚያ መንሥኤ በሰው የደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል ነው። ትሉ የሚጥላቸው ዕንቁላሎች እንደ ትሉ ዓይነት ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ይወጣሉ። ዕንቁላሎቹ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ሲገቡ ይፈለፈሉና ጥቃቅን እጮች ይሆናሉ። እጮቹ በውሃው ውስጥ የሚኖረውን ቀንድ አውጣ ፈልገው ይገቡበታል፤ በዚያም ተራብተው ቁጥራቸው እጅግ ይበዛል። ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃው ሲንሳፈፉ ሰው እግሩን ወይም እጁን ቢያስገባ፣ ቆዳውን በስተው ወደ ሰውነቱ ይዘልቃሉ። እንዲህ እያለ ከሰው ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ እንደገና ወደ ሰው የሚዞር ክብ ይፈጠራል።

በበሽታው በብዛት የሚያዙት ከወንዝ ውሃ የሚቀዱ፣ በወንዝ የሚዋኙና ከብት የሚያጠጡ ልጆች ናቸው። በሽታው በአንድ ቀን አይገድልም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ የውስጥ አካልን ይጎዳል፤ ጉልበትን ያደክማል፤ ሕፃኑን ከትምህርቱ፣ ገበሬውንም ከእርሻው ያዘገያል። በዶክተር አክሊሉ የሥራ ዘመን በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመት ነበር።

የዚህ እንቆቅልሽ ቁርጥራጮች በተለያየ ጊዜና በተለያየ ሥፍራ የተገኙ ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 በካይሮ ከተማ ትሉን አገኙ፤ በሽታውም በስማቸው ተጠራ። ብሪታንያዊው ሮበርት ሌይፐር በ1915 በግብፅ ባደረጉት ምርምር ቀንድ አውጣ በበሽታው መተላለፍ ውስጥ ያለውን ድርሻ አረጋገጡ። ሦስተኛው ቁራጭ የተገኘው ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። በካርቱም ሲቪል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ብራያን ክሪስቶፈርሰን አንቲሞኒ ከተባለው ንጥረ ነገር የሚዘጋጅ መድኃኒት ወስደው በቢልሃርዚያ የተያዙትን በሽተኞች በደም ሥር እየወጉ አከሙ። መድኃኒቱ አስቀድሞ በሌላ ተውሳክ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ይሰጥ የነበረ ነው። ሐኪሙ ለአንዱ ተውሳክ የዋለው ነገር ለሌላውም ሊውል እንደሚችል በሥራ አሳዩ፤ ውጤቱንም በ1918 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቢልሃርዚያ ዋና መድኃኒት ይኸው ሆነ።

ይሁን እንጂ የካርቱሙ ግኝት የእንቆቅልሹን አንድ ጫፍ ብቻ የፈታ ነበር። መርፌው ብዙ ጊዜ መደጋገም የሚያስፈልገውና በሽተኛውን የሚያሠቃይ ከመሆኑም ሌላ፣ የዳነው ሰው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ዓባዮች መካከል የተንጣለለው የገዚራ ሜዳ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ የጥቁር ዓባይ ውሃ በቦይ ወደ ጥጥ እርሻዎች ሲለቀቅ እርሻው ለማ፤ ነገር ግን ዝግ ብሎ የሚፈሰው የቦይ ውሃ ለቀንድ አውጣ የሚመች ማደሪያ ሆነ። ቢልሃርዚያም ከእርሻው ጋር አብሮ ተስፋፋ። ቀንድ አውጣዎቹን ለመግደል የመዳብ ሰልፌትና ሌሎች ኬሚካሎች በቦዮቹ ውስጥ ተጨመሩ። ኬሚካሎቹ ግን ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ የድሀ አገር ሕዝብ በራሱ አቅም ቀንድ አውጣውን ሊያጠፋ የሚችልበት መንገድ ይገኝ እንደሆነ ማወቅ አስፈላጊ ሆነ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር የታየው ከካርቱም ርቆ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ነው።

በ1964 ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው ዶክተር አክሊሉ የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ሥራቸው በወንዞቹ ዳር እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣዎችን መፈለግና መመርመር ነበር። እንዲህ ሲሠሩ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ወደ ታች በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በዝተው አገኙ። ሴቶቹ ልብሳቸውን የሚያጥቡት በፋብሪካ ሳሙና ሳይሆን በእንዶድ ነበር።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ተክል ነው። በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። ፍሬው ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። የኢትዮጵያ እናቶች ሸማቸውን በእንዶድ እያጠቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። እንግዲህ በዐድዋ ወንዝ ዳር የታዩት ነገሮች ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ሴቶቹ እንዶድን ያውቃሉ፤ ሳይንቲስቶች ቀንድ አውጣን ያውቃሉ፤ ወንዙም ዘወትር ይፈስሳል። ያልታወቀው በእንዶዱና በቀንድ አውጣው ሞት መካከል ያለው ግንኙነት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት ይህን ግንኙነት ነው።

ማስተዋላቸው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ጊዜ አልወሰዱም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። በዚህ ቀላል ሙከራ ግምቱ ከግምትነት ወደ ማስረጃነት የመጀመሪያውን እርምጃ ተራመደ።

በዚያ ወንዝ ዳር የሆነው ነገር ዕድል ብቻ ነበርን? የሥነ ልቡና ምርምር ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ ትምህርት ይሰጣል። ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮህለር ከ1913 ጀምሮ በቴነሪፍ ደሴት ላይ ቺምፓንዚዎች ችግርን እንዴት እንደሚፈቱ አጥንተው፣ በ1917 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከቺምፓንዚዎቹ አንዱ ሱልጣን ይባል ነበር። ሱልጣን በብረት አጥር ውስጥ ሆኖ፣ ከአጥሩ ውጭ የተቀመጠ ሙዝ ለመሳብ ሁለት የሸምበቆ ዘንጎች ተሰጡት፤ ሁለቱም ግን ለየብቻቸው አጫጭር ነበሩ። ከአንድ ሰዓት በላይ በከንቱ ከደከመ በኋላ ሙከራውን ትቶ በዘንጎቹ መጫወት ጀመረ። በጨዋታው መካከል አንደኛው ዘንግ በሌላኛው ቀዳዳ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አገኘ። ወዲያውም ዘንጎቹን ቀጥሎ ወደ አጥሩ ሮጠና ሙዙን ሳበ። ኮህለር ከዚህ የተረዱት፣ ችግር ፈቺው የተበታተኑትን ነገሮች በድንገት እንደ አንድ ሙሉ ነገር አድርጎ ሲያያቸው መፍትሔ እንደሚገኝ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1945 አሜሪካዊው ኸርበርት በርች ለዚህ ትምህርት አስፈላጊ ነገር ጨመሩበት። በዘንግ ተጫውተው የማያውቁ ቺምፓንዚዎች ተመሳሳይ ችግር ሲቀርብላቸው አብዛኞቹ መፍትሔውን ማግኘት አልቻሉም። ለሦስት ቀናት ያህል በዘንግ እንዲጫወቱ ከተደረገ በኋላ ግን ችግሩን በቀላሉ ፈቱት። ስለዚህ ማስተዋል ምንም ከሌለበት ባዶ አእምሮ አይወጣም። አስቀድሞ የተጠራቀመ ልምድና ዕውቀት ያስፈልገዋል። እንግሊዛዊው ግሬሃም ዋላስም በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ የፈጠራ አስተሳሰብ አራት ደረጃዎች እንዳሉት አመልክተዋል። እነርሱም ዝግጅት፣ ሐሳቡ ውስጥ ለውስጥ የሚበስልበት ጊዜ፣ ድንገተኛ መገለጥ፣ በመጨረሻም የተገኘውን ነገር መፈተን ናቸው።

የዐድዋው ታሪክ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ዶክተር አክሊሉ ስለ ተውሳኮችና ስለ ቀንድ አውጣዎች ለብዙ ዓመታት ሲማሩ ኖረዋል። ወደ ወንዙ የወረዱትም ጥያቄ ይዘው ነው። ከእርሳቸው በፊት በእነዚያ ወንዞች ዳር ያለፈ መንገደኛ ሁሉ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ሊያይ ይችል ነበር፤ ጥያቄ ላልያዘ ሰው ግን የሞተ ቀንድ አውጣ የሚናገረው ነገር የለውም። በሌላ በኩል ደግሞ የእንዶድ ዕውቀት የሳይንቲስቱ አልነበረም፤ የእናቶች ነበር። ፍሬውን መልቀም፣ ማድረቅ፣ መውቀጥና በውሃ ማሸት የተማሩት ከእናቶቻቸው ነው። ስለሆነም የእንቆቅልሹ ግማሽ በሳይንቲስቱ አእምሮ፣ ሌላው ግማሽ በአጣቢዎቹ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። የዶክተር አክሊሉ ብልኅነት ሁለቱን ማገናኘታቸው ነው።

ማስተዋል በቅጽበት ይመጣል፤ ከማስተዋል በኋላ ያለው ሥራ ግን ዓመታትን ይጠይቃል። ዶክተር አክሊሉ ይህን ተረድተው ሥራቸውን በዕቅድ ከፋፈሉት። በመጀመሪያ እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለው በምን ኃይል እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። በመቀጠልም ከእንዶድ ዓይነቶች የትኛው የበለጠ ኃይል እንዳለው መለየት ያስፈልጋል። ከዚያም በቤተ ሙከራ የሠራው ነገር በእውነተኛ ወንዝ፣ በእውነተኛ ከተማ ይሠራ እንደሆነ መፈተን ይገባል። በመጨረሻም ለሰውና ለእንስሳት የሚያመጣው ጉዳት መመርመር አለበት። እነዚህ አራት ጥያቄዎች በአንድ ሰው ጉልበት የሚመለሱ አልነበሩም። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተውሳክ በሽታዎችን የሚያጠና የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም አደረጉ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተርም ሆኑ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጡ ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ፍሬው ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኃይል ይወጣል። እንግዲህ እናቶች ለዘመናት ሲሠሩበት የኖሩት የመውቀጥና የማሸት ዘዴ ኃይሉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ትክክለኛ ዘዴ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ኬሚስቶች ከፍሬው ነጥለው ያወጡት ንጥረ ነገር በዶክተር አክሊሉ አባት ስም ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ኃይሉ በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ ወንዙን ለብዙ ጊዜ አይመርዘውም። ሆኖም ዓሣን ሊገድል ስለሚችል በልክ መጠቀም እንደሚያስፈልግ ታወቀ።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሰጡት የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ዶክተር ለገሠ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለውና አወዳድረው ከሁሉም የሚሻሉትን መረጡ። ከእነዚህም ውስጥ ዓይነት 44 የተባለው በተለይ የታወቀ ሆነ። የአንዱ ሰው ማስተዋል በሌላው ሰው ትዕግሥት እንዲህ ታግዞ አደገ።

ሦስተኛው ጥያቄ የተፈተነው ነገሩ በተጀመረበት በዐድዋ ነው። ከ1969 እስከ 1974 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የእንዶድ ዱቄት በየጊዜው በከተማዪቱ ወንዞች ተጨመረ። የሙከራው ዕቅድ በጥንቃቄ የታሰበ ነበር። የቢልሃርዚያ ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ ውሃው ቢጸዳም ትልልቅ ሰዎች የቆየውን ትል ተሸክመው ይገኛሉ። ስለዚህ የአዋቂዎችን ቁጥር ብቻ ቢመለከቱ ሥራው የከሸፈ ሊመስል ይችላል። ትናንሽ ሕፃናት ግን በቅርብ ጊዜ የተወለዱ ስለሆኑ በእነርሱ ላይ የሚገኘው በሽታ አዲስ የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። የውሃው መጽዳት የሚለካው በእነርሱ ነው። ውጤቱ ሲመረመር፣ ሙከራው ሲጀመር ከመቶ ሕፃናት 50 ያህሉ በበሽታው ተይዘው የነበረ ሲሆን፣ በመጨረሻው ወደ 7 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ የተጻፈ አኀዝ ብቻ አይደለም። በወንዝ ዳር እየተጫወቱ በሽታው ሳይነካቸው ያደጉ የዐድዋ ሕፃናት ናቸው።

አራተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ የከበደ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት በዓለም ገበያ የሚሸጥ ባይሉሳይድ የተባለ ኬሚካል ነበር። ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ለድሀ አገሮች ውድ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ነውና ሥራ ላይ ቢውል ለሕዝቡ ብዙ ጥቅም ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ የጤና ባለሥልጣኖች ነገሩን በጥርጣሬ ተመለከቱት። እንዶድ በደንብ ባልተመረመረ ሁኔታ በወንዝ ቢጨመር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል አሉ። በታወቁ ቤተ ሙከራዎችና በተወሰነ ደንብ መሠረት የሚደረግ ምርመራም ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በራሱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ማስተዋል ሁሉ መፈተን አለበት። ችግሩ ግን የሚጠየቀው ምርመራ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣና በኢትዮጵያ ሊሠራ የማይችል መሆኑ ነው። በዚህም የተነሣ መልሱ በእጅ እያለ ሥራ ላይ ሳይውል ብዙ ዓመታት አለፉ።

ዶክተር አክሊሉ ተስፋ አልቆረጡም። በ1970ዎቹ ዓመታት ከኢትዮጵያ ውጭ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በኋላም በድርጅቱ የሕፃናት መርጃ ሥር በኢጣሊያ ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ሲሠሩ፣ የእንዶድን ጉዳይ ከአእምሯቸው አላወጡም። በ1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ የሚመክር የሳይንቲስቶች ስብሰባ ተደረገ፤ ጥናቶቹም ታትመው ወጡ። በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚኖሩ ተመራማሪዎችም ተክሉን በየአገራቸው መሞከር ጀመሩ። በኋላም የተጠየቀው የመርዝነት ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች ተካሄደ። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ትግል ውስጥ የተረዱት ሌላም ነገር ነበር። የአፍሪካ ሳይንቲስቶች በራሳቸው አገር ችግር ላይ የሚመራመሩበት ቤተ ሙከራና ገንዘብ ካላገኙ፣ የሚያስተውሉት ነገር ሁሉ የሌሎችን ፈቃድ እየጠበቀ እንደሚቀር ደጋግመው አስገንዝበዋል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ሽልማቱ ድሀው ሕዝብ በአነስተኛ ዋጋ ራሱን ከቢልሃርዚያ የሚከላከልበትን መንገድ ለማግኘትና ለማስፋፋት ለደከሙት ድካም የተሰጠ ነው። ለማስተዋሉ ባለቤትና ለመራጩ ባለሙያ በአንድነት መሰጠቱ ተገቢ ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማስተዋላቸው በሌላ ምድር ፍሬ አፈራ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ ከሌላው ዓለም በመርከብ መጥቶ ተራብቶ ነበር። ይህ እንስሳ የከተማና የፋብሪካ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ብዙ ኪሣራ ያደርሳል። በኢሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በቶሌዶ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ማዕርግ ሲሰጣቸው ስለዚህ ችግር ሰሙ። ቀንድ አውጣና ዛጎል ለበሱ እንስሳ በተፈጥሮ የሚዛመዱ መሆናቸውን ስለሚያውቁ፣ እንዶድ በእርሱም ላይ ሊሠራ እንደሚችል አሰቡ። ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከሃሮልድ ሊ ጋር ሆነው ሲሞክሩትም ሠራ። በካርቱም ሆስፒታል ለአንዱ ተውሳክ የዋለው መድኃኒት ለሌላው እንደዋለ ሁሉ፣ በዐድዋ የተገኘው መፍትሔ በኢሪ ሐይቅ ለነበረው ችግር ተዛወረ። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ የችግሩን ልብስ ሳይሆን አጥንቱን የሚያይ ሰው የአንዱን መልስ ለሌላው ሊያውል ይችላል። ሆኖም የዚህ አጠቃቀም መብት በአሜሪካ መመዝገቡ፣ እንዶድን ለዘመናት ሲጠቀሙበት ለኖሩት የኢትዮጵያ እናቶች የሚደርሳቸው ድርሻ ምን ይሁን የሚል ክርክር አስነሥቷል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በአሜሪካ ዐረፉ። እንዶድ እርሳቸው ባለሙት መጠን በዓለም ላይ ሳይስፋፋ ቀርቷል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ ፕራዚኳንቴል የተባለ በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ስለተገኘ፣ የቢልሃርዚያ መከላከያ ሥራ በአመዛኙ በዚሁ መድኃኒት ላይ ተመሠረተ። የካርቱሙ አሠቃቂ መርፌም በዚህ ክኒን ተተካ። ይሁን እንጂ ክኒኑን የዋጠ ሕፃን ወደ ተበከለ ውሃ ሲመለስ እንደገና መያዙ ስላልቀረ፣ ቀንድ አውጣውን የማጥፋቱ ጥያቄ አልተዘጋም። እርሳቸው ያቋቋሙት ተቋም አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል፤ ተመራማሪዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የዶክተር አክሊሉ ሕይወት ለተማሪ የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። ማስተዋል የሚመጣው ተዘጋጅቶ ለሚጠይቅ ሰው ነው፤ መማር፣ ማንበብና መመልከት ለእርሱ የሚደረጉ ዝግጅቶች ናቸው። ማስተዋል ብቻውን ደግሞ የትም አያደርስም። በወንዝ ዳር የታየው ብልጭታ ሕፃናትን ከበሽታ የጠበቀው፣ በቤተ ሙከራ፣ በእርሻና በከተማ በተደረገ የአምስትና የአሥር ዓመት ዕቅድ ተደግፎ ነው። እንቆቅልሹም ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በአገሪቱ ወንዞች ዳር ውሃ የሚቀዱ ልጆች ዛሬም አሉና፣ የቀረውን ክፍል የሚፈታው ጥያቄ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሌላ ወጣት ነው።